ከሆድ ባሻገር

በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አንድ አባት ምግባቸው በሰዓቱ ቢቀርብ፣ ልብሳቸው ቢታጠብ፣ በሚገባ ተጦሩ እንላለን? እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ውዱእ ራሳቸው ማድረግ ይሻሉ። ተንከባካቢው ግን ቸኩሎ ያጥባቸዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌሎች ብዙዎች ይጠብቁታል። ንጹሕ ሆኑ፤ ነገር ግን በገዛ እጃቸው የሚያደርጓት አንዲት ነገር ተወሰደችባቸው።

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 23ኛ አንቀጽ ያረጁ ወላጆችን «ኡፍ» ማለትን እንኳ ከልክሏል። «ኡፍ» አያስርብም፣ አያቆስልም፤ ክብርን ግን ይነካል። እንግዲህ የመጦር ሚዛኑ ምግብና ልብስ ብቻ አይደለም።

ተንከባካቢው የእያንዳንዱን ሰው ልማድ አያውቅም፤ ቤተሰብ ግን ያውቃል። ሄዳችሁ ንገሩት። ስትጠይቋቸውም ውሃውን ያዙላቸው፤ እስኪጨርሱም ታገሱ።