በልስን ሥር ስለሚቀር ሥራ

ማንም ያላየው በደል፤ ምናልባትም እስከ መጨረሻው ማንንም ሳይጎዳ የሚቀር በደል፤ በደል ነውን? ወይስ ጉዳቱ እስኪገለጥ ድረስ በደል ልንለው አይገባም? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የተጠየቀ ነው። ፕላቶን «ሬፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ጊጌስ ከሚባል ስም ጋር የተያያዘ የአንድ እረኛ ታሪክ አለ። እረኛው በጣቱ ላይ ሲያዞረው ከሰው ዓይን የሚሰውረው ቀለበት አገኘ፤ በዚያም ተሸሽጎ ንጉሡን ገደለ፤ መንግሥቱንም ወሰደ። እንዲህ ያለ ቀለበት በእጃቸው ቢገባ ጻድቁ ሰው ከኃጥኡ በምን ይለያል? የመጽሐፉ ጥያቄ ይህ ነው።

እኔ በምኖርበት በቢታ ገነት እንዲህ ያለ ቀለበት ያገኘ ሰው የለም። ነገር ግን ግድግዳ ቆርጦ መልሶ ለመለሰን የሚችል ሰው ሁሉ ከዚያ ብዙ የማያንስ ነገር በእጁ ይዟል። እረኛው የተሰወረው በደሉን በሠራበት ሰዓት ነው፤ ሥራው ግን በማግሥቱ ለሁሉ ታየ፤ ንጉሡ ሞቶ ተገኘ። የኛ ሰው ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ሲሠራ ሰፈሩን በጩኸት ያደነቁራል፤ ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ ይለብሳል፤ የመንደር ልጆች ከበውት ያያሉ። ልስኑ በደረቀ ጊዜ ግን እሱ በአደባባይ እየሄደ ሥራው ይሰወራል።

የምናገረው ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ግድግዳ ስለሚቦረቡሩት ሰዎች ነው። ጉዳዩ ለሥነ ምግባር ጽሑፍ የሚያንስ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ቢታ ገነት ከቦንጋ በስተ ምዕራብ ያለች፤ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። የቀድሞው ቤታችን እንጨቱ ቆሞ፤ ማገሩ ተማግሮ፤ በጭቃ የተመረገ፤ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። እንደዚህ ባለው ቤት ሽቦው በግድግዳው ላይ በምስማር ተይዞ፤ ከጣራ እስከ ማብሪያው ድረስ እንደ ሐረግ እየተሳበ ይታያል። መልኩ አያምርም። ሆኖም ቤቱ ገመናውን አይደብቅም፤ ሽቦው በተላጠ ጊዜ ባልቴቷም ሕፃኑም ያዩታል፤ «እዚህ ጋ አትንኩ» ይባላል። አሁን ግን ብሎኬት መጣ። የብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው እንደ ወረቀት ልሙጥ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ሽቦ የሚታይበት ቤት የድኻ ቤት ነው ይባላልና። እኔ ሽቦ ማየት አፍሬ አላውቅም፤ ያም ሆነ ይህ የዘመኑ ፍላጎት ይህ ነው።

ስለ ሥራው ጥቂት ላስረዳ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ስስ ቆዳውና በመካከሉ ያለው ድንበር ነው። ከላይ ወደ ታች የተቆረጠ ቦይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አግድም ከዳር እስከ ዳር የተቆረጠ ግን ግድግዳውን እንደ ዳቦ ይገምሰዋል። በእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ፤ የቁም ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ሢሶውን፤ የአግድሙ ደግሞ ከስድስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይላል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትርና ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው፤ ውስጡ ባዶ ለሆነው ብሎኬት ግን ቆዳው ስለሚሳሳ ይህም ይበዛበታል።

ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ሌላ ሕግ አለ። ይኸውም ሽቦው ከሶኬቱ ወይም ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፤ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ጎን እንዲሄድ ነው፤ በሰያፍ እንዳይሄድ ነው። ምክንያቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ በውስጡ ያለውን የሚያመለክት ሌላ ነገር የለም፤ ሶኬቱ ብቻ ነው። ምስማር ሊመታ የተነሣ ሰው ሶኬቱን አይቶ «ሽቦው በዚህ ልክ ይወጣል፤ እኔ ራቅ ልበል» ይላል። እንግዲህ ሶኬት ቃል ነው፤ የዛሬው ሠራተኛ ለማያውቀው ሰው የሚተወው ቃል ነው። በሰያፍ የቆረጠ ሰው ቦይ ብቻ አልቆረጠም፤ ቃሉን ሐሰት አደረገው።

በአንድ ጎረቤቴ አዲስ ቤት ውስጥ ይህ ነገር ክርክር አስነሥቶ ሰምቻለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። ቱቦው አነሰበትና ከመገናኛ ሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ድረስ በሰያፍ አቋርጦ ቆረጠ፤ የቀረውንም ሽቦ ያለ ቱቦ በልስን ሊቀብረው አሰበ። ግድግዳውን የገነቡት ሽማግሌ ግንበኛ እዚያው ቆመው ነበርና፦

«አንተ ልጅ፤ ይህ መንገድ ነው?» አሉት።

«አባቴ፤ ሽቦው ቱቦ ውስጥ ሆነ፤ አልሆነ፤ አምፑሉ እኩል ይበራል» አላቸው። ወደ እኔም ዞሮ «ጋሼ፤ እርስዎ ይፍረዱ። ባለቤቱ ዋጋውን ቆርጦ ቆርጦ በግማሽ አስገብቶኛል። ነገ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ማን ያየዋል? ደግሞስ ማን ይሞትበታል?» አለኝ።

የልጁን ነገር አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ከሱ በላይ የተማሩ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ የላቸውምና። አምፑሉ እኩል እንደሚበራ እውነት ነው። ከመቶ እንዲህ ካሉ ግድግዳዎች ብዙዎቹ ምስማር ሳይነካቸው፤ እርጥበት ሳያበላሻቸው ሊኖሩ እንደሚችሉም አልክድም። ታዲያ ጉዳት ካልደረሰ በደሉ የት አለ?

እኔ በደሉ የሚገኘው በግድግዳው ውስጥ ነው ብዬ አላምንም፤ በዕጣው ውስጥ ነው። ሠራተኛው አንድ ቱቦ ለማትረፍ ብሎ፤ ሌላው ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ፤ በሱ ሕይወት ላይ ዕጣ ጣለ። ዕጣው በደኅና ቢወጣ የተጣለበት ሰው ዕድለኛ ሆነ እንጂ የጣለው ሰው ንጹሕ አልሆነም። በሌላ ሰው ገንዘብ ሳይነግረው የቆመረ አደራ ተቀባይ፤ ቢያሸንፍና ገንዘቡን መልሶ ቦታው ቢያኖር፤ አደራ ጠበቀ እንለዋለንን? በዚህ ጊዜ ደግሞ ቁማር የተያዘበት ገንዘብ አይደለም፤ 220 ቮልት በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ መዶሻና ምስማር ይዛ የምትቆም፤ ዛሬ ገና ያልተወለደች ልጅ ናት።

አሁን ስለ መሣሪያው ልናገር። ቀድሞ ይህ ሥራ በመሮና በመዶሻ ይሠራ ነበር። ሰውዬው አንድ ክንድ ቦይ ለመቆፈር ብዙ ጊዜ ይመታል፤ ክንዱ ይዝላል፤ ግድግዳው ባዶ ድምፅ ሲሰጥ በእጁ ይሰማዋል፤ ከልኩ በላይ ለመጥለቅም ጉልበት የለውም። ድካሙ እንደ ልጓም ነበር። አሁን ግን ግራይንደር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 አንድ የጀርመን ኩባንያ ፈጣኑን የእጅ ግራይንደር ለገበያ አወጣ፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ መሣሪያውን በዚያው በኩባንያው ስም «ፍሌክስ» ይሉታል። ትንሹ ዲስክ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ለሱ ሰያፍና ቀጥታ፤ ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ አንድ ነው፤ ብሎኬቱንም የግድግዳውን ማሰሪያ ብረትም ያለ አድልዎ ይበላል። መሣሪያውን አልነቅፍም፤ ሰውን ከከባድ ድካም ያሳረፈ ነገር የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ድካሙ ሲወገድ ከድካሙ ጋር የነበረው ልጓም አብሮ እንደ ተወገደ ያስተዋለ ጥቂት ነው። ቀድሞ ክንዱ ያስቆመው የነበረውን ሰው አሁን የሚያስቆመው ልቡ ብቻ ነው፤ ልብ ደግሞ በገበያ ከመሣሪያው ጋር አይሸጥም።

በዚህ በካፋ ምድር ቁፋሮ አዲስ ነገር አይደለም። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ እስኪወድቅ ድረስ አገሩን በጥልቅ ጉድባ አስከብቦ ይጠብቅ ነበር። ያን ጉድባ የቆፈረው ሰው ከጉድባው ወዲህ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚያድር ነበረና፤ ጉድባው ጥልቅ ሆነ አልሆነ የራሱ ጉዳይ ነው። የኛ ሠራተኛ ግን ቦዩን ቆፍሮ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከግድግዳው ሥር የሚያድረው ሌላ ነው። የዘመናዊ ሥራ ችግር ብዙውን ጊዜ ይህ ይመስለኛል፤ የሚሠራውና የሚኖርበት ሰው ተለያይተዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ተቋራጩን፤ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጽናት ኃላፊ ያደርገዋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በቃል፤ ቡና እየተጠጣ ነው፤ ግድግዳውም ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ሊመረምር የሚመጣ ሰውም ልስኑን አፍርሶ አያይም። ስለዚህ ሕጉ ከልስኑ በፊት ይቆማል።

ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዋጋውን በግማሽ ያስገባው ሰው የማይታየው ሥራ በግማሽ እንደሚሠራለት አያውቅም ነበርን? ቀለሙን ግን በግማሽ አላስቀባም፤ በሩንም ሲያስመጣ ከሩቅ አገር ነው ያስመጣው። ለእንግዳ ዓይን ሙሉ ዋጋ ከፈለ፤ ለልጆቹ ሕይወት ተከራከረ። ይህን ነገር ለጎረቤቴ ደኅና አድርጌ ነገርሁት፤ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ቱቦውን ገዛ፤ ቦዩም ተደፍኖ በቁሙ እንደገና ተቆረጠ። ሽማግሌው ግንበኛ ደግሞ የቦዮቹን መንገድ ከወለልና ከጥግ ያለውን ርቀት እየለኩ በወረቀት አስነሡና ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጡለት። የሚደነቅ ዘዴ ነው፤ ዋጋውም አንድ ወረቀት ነው።

ነገር ግን ያን ዕለት ሁላችንም ስለማታየው ልጅ ስንከራከር በፊታችን የነበረውን ልጅ አላየነውም። ሠራተኛው ረዳት አለው፤ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት የማይበልጥ። ሥራው ዲስኩ በሚቆርጥበት ሥር ቱቦ መያዝና ፍርስራሽ መጥረግ ነው። አፉን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሏል፤ ቅንድቡ ነጭ ነው። ብሎኬት ከአሸዋ የሚሠራ ስለ ሆነ በግራይንደር ሲቆረጥ ሲሊካ የሚባለውን ደቂቅ ትቢያ ያወጣል። የሚያስነጥሰው ትልቁ አቧራ ብዙ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዓይን የማያየው፤ ነጠላም የማያቆመው፤ ሳንባ ገብቶ የማይወጣው ነው። ይህም የአሁን ዘመን ግኝት አይደለም። ራማዚኒ የሚባለው የኢጣልያ ሐኪም በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ ነገር ጽፏል፤ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅም መክሯል። በአሜሪካ፤ በዌስት ቨርጂኒያ፤ በ1930 በተጀመረው የሆክስ ኔስት የውሃ መተላለፊያ ዋሻ ቁፋሮ፤ ያለ መከላከያ ሲሊካ ድንጋይ እንዲሰብሩ የተደረጉ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፤ ብዙዎቹም ጥቁሮች፤ በዚህ ትቢያ አለቁ። በ1997 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ይህ ትቢያ ለሰው ካንሰር የሚያመጣ ነው ብሎ መደበው። የጠቀስኋቸው እነዚህ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትቢያው ክፋት ከሽቦው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዛሬ አያሳይም። ልጁ ማታ ፊቱን ታጥቦ ኳስ ሊጫወት ይሄዳል። ሳንባው የሚቆጥረውን እሱም አያውቅም፤ የሚያውቀው ጊዜ ሲመጣ ሠራተኛውም ባለቤቱም እኔም የትኛው ቤት እንደ ነበረ ረስተነዋል። ሳንባም እንደ ግድግዳ ነው፤ ከውጭ ተለስኗል።

መከላከያው ሩቅ አይደለም። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን ይዞ አቧራውን ከሥሩ በቱቦ የሚስብ መሣሪያ አለ፤ እሱ ባይገኝ ለደቂቅ አቧራ የተሠራ፤ ፊት ላይ የሚገጥም ጭንብል አለ፤ መስኮትና በርን ከፍቶ መሥራት፤ የማይቆርጠውን ሰው ከክፍሉ ማስወጣት ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ግድግዳውን አስቀድሞ ማርጠብ ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ አይያዙምና በዚህ መጠንቀቅ ይገባል። ለአጭር ቦይም መሮና መዶሻ እስከ ዛሬ አልሞቱም።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን ቤት የሚሠራ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር የዋጋውን ንግግር አዳምጣለሁ። ስለ ሽቦው ይነገራል፤ ስለ ሶኬቱ፤ ስለ ብሬከሩ ይነገራል፤ አሁን አሁን አንዳንዱ ስለ ቱቦውም ይጠይቃል። ስለ ረዳቱ ልጅ ጭንብል ዋጋ ግን ከሠራተኛውም ከባለቤቱም አፍ ሲወጣ እስካሁን አልሰማሁም።