መድኃኒቱ ቅጠሉ ነው ወይስ ሚዛኑ?

ወረቀታችን ባለፈው ዙር ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ ስትመለስ፣ በኅዳጓ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ባንጊ ለሕመም ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ለልጅ መስጠት ኃጢአት ነውን?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሰዎች መልሰዋል። አንዱ «እግዜር ያበቀለው ቅጠል ክፉ የለውም» ሲል፣ ሌላው «የሰይጣን ትንባሆ ነው» ብሏል። ሁለቱም ነገሩን በአንድ መስመር ጨርሰውታል። አዘጋጆቹ ከናይሮቢ ሆኜ ጥቂት እንድጨምርበት ስለ ጠየቁኝ የማውቀውን እነሆ። ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ኬንያውያን ባንጊ የሚሉት፣ እኛ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የምንለው፣ በሳይንስ ካናቢስ የተባለው ተክል ነው። አንዳንድ ሰው ዕፀ ፋርስ ይለዋል፤ ይሁንና በብዙ የአገራችን ክፍል ዕፀ ፋርስ የሚባለው አስተናግር ነው። እርሱ ፍሬው ሰውን የሚያቃዥ፣ ሲበዛም የሚገድል ሌላ ተክል ነው። ስሙን ብቻ ተማምኖ ቅጠል የሚቀጥፍ ሰው ገና ከመነሻው መንገድ ስቷል።

«እግዜር ያበቀለው» ላለው ወንድሜ ኮሶን ላስታውሰው። ኮሶም እግዜር ያበቀለው ነው። አያቶቻችን አበባውን ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡት ነበር፤ ትሉንም ያወጣላቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ዝናው እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሷል። ነገር ግን መጠኑ ያለፈበት ሰው ዓይኑን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን አጥቷል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም የሚባለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። እንግዲህ ኮሶን መድኃኒት ያሰኘው አበባው ብቻ አይደለም፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን የሚያውቅ ሰው አብሮት ስለ ነበረ ነው።

ወደ ካናቢስ እንመለስ። በውስጡ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች ለነገራችን ሁለቱ ይበቁናል። የሚያሰክረው ቲኤችሲ ይባላል። የማያሰክረው ደግሞ ሲቢዲ ነው፤ በሚጥል በሽታ ላይ በሚገባ የተፈተነውም ይኸው ነው። በ2017 በወጣ ጥናት ድራቬ በተባለ ብርቱ የሚጥል በሽታ የሚሠቃዩ 120 ልጆችና ወጣቶች በሁለት ተከፈሉ። ከቀድሞ መድኃኒታቸው በተጨማሪ ለገሚሶቹ የተጣራ ሲቢዲ፣ ለገሚሶቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ሲቢዲ የወሰዱት በመካከለኛ ቁጥር በወር 12 ጊዜ ገደማ ይጥላቸው የነበረው ወደ 6 ወረደ፤ የሌሎቹ ከ15 ወደ 14 ቢወርድ ነው። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህና ለሌላ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ፈቀደው። «የሰይጣን ትንባሆ» ያልከው ወዳጄ፣ ይህን ምን ታደርገዋለህ?

ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። እንቅልፍ የበዛባቸው፣ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች ነበሩ፤ ቫልፕሮት የተባለውን መድኃኒት አብረው በሚወስዱት ላይ በተለይ ጉበታቸው የመጎዳት ምልክት አሳይቷል። ያም በየኪሎው ተመዝኖ፣ ደማቸው እየተመረመረ ነው።

እዚህ ናይሮቢ ለታመሙ ወገኖች ሐኪም ዘንድ አስተረጉማለሁ። አንድ ቀን ልጇን ይዛ የቀረበችን እናት ሐኪሙ «ከዚህ ሌላ የሚሰጡት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። ወደ እኔ ዞር አለችና «መምህር፣ ከመንገድ የገዛሁት የባንጊ ዘይት አለ፤ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። ልጁ የሚወስደው ቫልፕሮት ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፤ ዘይቱ ከክኒኑ ጋር ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ ነገረችው። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ደም እንዲመረመር አዘዘና ጠርሙሱን አምጪ አላት። በጠርሙሱ ላይ የቅጠል ሥዕልና «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል አለበት። ስንት ሚሊግራም እንደ ያዘ፣ ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደ ተቀመመ አንዳች አይናገርም።

ባትነግረውስ ኖሮ? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። አስተርጓሚ አደራ አለበት፤ የሰው ምስጢር አደባባይ ካወጣ ነገ ማንም አያምነውም። ሆኖም ምስጢሩ የእርሷ ቢሆን ጉበቱ የልጁ ነው፤ እርሱ ደግሞ አልተጠየቀም። ስለዚህ እነግረው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለእርሷም አስቀድሜ እንደምነግረው አስታውቄ። በሌላ በኩል ለፖሊስ የሚጠቁም ጎረቤት አይገባኝም። እናቲቱ የፈለገችው ልጇ እንዳይወድቅ ነው። ጥቆማን የፈራች እናት ለሐኪምም ትደብቃለች፤ ከዘይቱም የከፋው መደበቁ ነው።

ለመሆኑ ለዚህ በሽታ የተረጋገጠው መድኃኒት ለሁላችን ደርሶ ነው ወይ ዘይት የምንፈልገው? ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ ያለ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የዓመቱ ወጪ እስከ 5 ዶላር ሊወርድ ይችላል፤ በአግባቡ ከታከሙ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም። የሚገርመው፣ ፌኖባርቢታል ራሱ በ1971ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አንዱ ነው። ዘይት ጀመርኩ ብሎ እንዲህ ያለውን ክኒን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ልጁን ያለ ፋታ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል። (በማሠልጠኛ ኮሌጅ ለዕጩ መምህራን ስናስተምር ከሁሉ ያስቸገረን ክብሪት ለኩሶ ማሽተትን ማስተው ነበር። ልጁን በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።)

«መድኃኒት» የሚለውን ቃል የሚዋሱት ግን እናቶች ብቻ አይደሉም። በመንገድ ያየው ነገር ሌሊት እየመጣ እንቅልፍ የነሳው ወጣት «ለእኔም መድኃኒቴ ነው» ይላል። አልፈርድበትም። ነገር ግን እርሱ የሚያጨሰው የሚያሰክረውን ነው፤ መጠኑንም ማንም አልለካለትም። በ1987 በስዊድን የወጣ ጥናት ወደ 45,000 የሚሆኑ ለውትድርና የተመዘገቡ ወጣቶችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ፣ ከምዝገባው በፊት ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የወሰዱት ስኪዞፍሬኒያ በተባለው የአእምሮ ሕመም የመያዛቸው ዕድል 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ካናቢስ ብቻውን አሳመማቸው ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ የተጨነቀ አእምሮ ይዘው የገቡም ይኖራሉ። እኛ ግን እንዲህ ያለ አእምሮ የሚበዛብን ሕዝብ ነን፤ ለእኛ አደጋው አይቀንስም።

ሕጉን በአጭሩ። በኬንያ የ1994ቱ ሕግ ለራሱ መጠቀሚያ ይዞ ለተገኘ 10 ዓመት፣ ለሌላው 20 ዓመት እስራት ደንግጎ ነበር። በ2022 ተሻሽሏል፤ ይዞ መገኘት ግን አሁንም ወንጀል ነው። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ጆርጅ ዋጃኮያ ባንጊን እንፍቀድ ቢሉም ከመቶ አንድ ድምፅ እንኳ አላገኙ፤ ክርክራቸውም ከሕመምተኛው ይልቅ የአገር ዕዳ መክፈያው ላይ ያጋደለ ነበር። በታኅሣሥ 2020 በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ካናቢስ ከጥብቁ ዝርዝር የወጣው በ27 ድምፅ ለ25 ነው። ዓለም ገና ለሁለት እንደ ተከፈለ ነው። በዚህ መሀል አንድ ስደተኛ ቢያዝ የሚያጣው ነፃነቱን ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የጠበቀው ፋይልም አብሮት ሊሰናከል ይችላል።

አንድ ሰው ይቀረኛል። በካንሰር አልጋ ላይ የዋለ፣ ሕመሙ ሌሊቱን የማያስተኛው አዋቂ። እርሱ ለራሱ ነው የሚመርጠው፤ ቀኖቹም ተቆጥረዋል። ባንጊ ቢለምን ነውር ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን ከመንገድ ከመለመኑ በፊት ሞርፊን ተሰጥቶታል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሞርፊንም የሚገኘው ኦፒየም ከሚወጣበት ተክል ነው፤ ስንቱን ሱሰኛ ያደረገ ተክል። የናይሮቢ ሆስፒስ ከ1990 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ሲረዳ ኖሯል። ሞርፊን ሲባል «አለቀለት ማለት ነው» ብለው የሚሸሹ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። አስፈሪው ነገር ግን በየአራት ሰዓቱ በአፍ የሚወሰድ፣ መጠኑ በወረቀት ተጽፎ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው።