እርጋታችሁ እውነቱን አይዋጠው

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል የጦርነት ታሪክ ማንበብ የሚወድ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግ ልማድ ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን ይህ ንባብ ወጣቱን በሁለት ነገር ያሰክራል፤ አንዱ ሞት ፊት ቆሞ ምንም ያልመሰለው ሰው እርጋታ ነው፣ ሌላው ጉድ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ። በሁለቱም ላይ የምላችሁ አለኝ። ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በእርጋታ ወሬ እንግሊዞችን የሚያህል የለም። በ1815 በዋተርሉ ውጊያ ሎርድ አክስብሪጅ እግሩን መድፍ ሲመታው አጠገቡ ለነበረው አዛዡ ለዌሊንግተን እግሬ ሄደ ብሎ የነገረው፣ ዌሊንግተንም አየት አድርጎ እውነትህን ነው ያለው፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሰዎች ነበር ይባላል። ይህን አንብባችሁ ሳቁ። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ወደ ኮሪያ እለፉ።

ኤፕሪል 22 ቀን 1951 ሌሊት የቻይና ጦር የኢምጂንን ወንዝ ተሻግሮ በእንግሊዝ 29ኛ ብርጌድ ላይ ዘመተ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ያን ጊዜ ገና በመንገድ ላይ ነበር፤ ኮሪያ የገባው በሜይ ነው። በብርጌዱ ግራ ጠርዝ የተሰለፈው የግሎስተር ሻለቃ ተከበበና 235 ወደሚባለው ኮረብታ ወጣ። ጥይቱ ተሟጠጠ፣ ውሃው አለቀ፣ የሬዲዮው ባትሪ ደከመ። የቻይና ጥሩንባ ነፊዎች በጨለማ ሲያስጨንቋቸው፣ የሻለቃው የከበሮ ጓድ አለቃ ብድግ ብሎ የራሱን ጥሩንባ አነሣ። የመቀስቀሻውን ነፋ፣ የመኮንኖችን እራት ጥሪ ነፋ፣ የሚያውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ነፋ። ያልነፋው አንድ ብቻ ነው፤ የማፈግፈጊያውን።

ይህ እርጋታ ወንዶቹን በእግራቸው አቁሟል። በዚያው ውጊያ ግን ሌላ እርጋታም ነበር። የብርጌዱ አዛዥ ብሮዲ ሁኔታው እንዴት ነው ብሎ ለጠየቀው አሜሪካዊ ጄኔራል፣ ነገሩ ትንሽ ጠንከር ብሏል የሚል መልስ ሰጠ ይባላል። እንግሊዛዊ ይህን ቢሰማ አለቀልን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሜሪካዊው ግን ከብዷቸዋል እንጂ ይዘውታል ብሎ ተረዳ። ለደረሰው ጥፋት ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ከዚያ ኮረብታ ሰብሮ የወጣው ጥቂት ሰው ሲሆን ከ500 በላይ ተማረኩ። አዛዣቸው ኮሎኔል ካርን በምርኮ ሳለ ድንጋይ በምስማር ፍቆ የሠራው ትንሽ መስቀል ዛሬ በግሎስተር ካቴድራል ይታያል።

እንግዲህ ለዩት። ጥሩንባው የተነፋው አጠገብ ላለው፣ አብሮ ለሚሞተው ሰው ነው፤ እሱን ማበርታት ግዴታ ነው። ሪፖርቱ ግን የሚሄደው ሩቅ ላለውና መርዳት ለሚችለው ሰው ነው። እሱ ዘንድ ማሳነስ ጀግንነት አይደለም። እኛም ቤት ይህ በሽታ አለ፤ ልጅ ከባሕር ማዶ ደውሎ፣ የቤት ኪራይ አጥቶ እያደረ፣ ለእናቱ «ደህና ነኝ» ይላል። እናቱን ማሳረፉ ነውር የለውም፤ ሊረዳው ለሚችለው ወንድሙም ያንኑ ካለ ግን ራሱን ጎዳ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ወደ ግጥምጥሞሹ ልምጣ። በ1944፣ ኖርማንዲ ከመወረሩ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ መልሶች ዩታ፣ ኦማሃ፣ ኦቨርሎርድ፣ መልበሪ፣ ኔፕቱን ሆነው ተገኙ። ሁሉም የወረራው ምስጢራዊ ስሞች ናቸው። የደኅንነት ሰዎች አዘጋጁን፣ ሊዮናርድ ዶ የተባለውን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ጠየቁት፤ ምንም አላገኙበትም። ከ40 ዓመት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ ነገሩን ፈታው፦ መምህሩ ሰንጠረዡን በቃላት እንዲሞሉ ልጆቹን ያዛቸው ነበር፤ ልጁ ደግሞ ቃላቱን የሰማው በአካባቢው ከሰፈሩት ወታደሮች ነው። ልጁ ያለው እውነት ከሆነ፣ ተአምር የመሰለው ነገር የወታደር ወሬ ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አይፈታም። ቤልጂግ ውስጥ ሞንስ አጠገብ ባለው የሴንት ሲምፎሪየን መቃብር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በውጊያ የሞተ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ወታደር እንደሆነ የሚታመነው ጆን ፓር እና የመጨረሻው ጆርጅ ኤሊሰን፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ተኝተዋል። ያቀደው የለም። ግማሹን ምክንያት ካርታው ይነግራችኋል፤ እንግሊዞች መዋጋት የጀመሩትም ጦርነቱ ሲያበቃ የተገኙትም እዚያው ሞንስ ነው። ቀሪው ግማሽ እውነተኛ አጋጣሚ ነው፤ ለእሱ ተደነቁ። ሆኖም ከአጋጣሚው ይልቅ የሚከብደው፣ በእነዚያ ጥቂት ሜትሮች መካከል ከ4 ዓመት በላይ ጦርነትና ከ700 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ሙታን መኖራቸው ነው።

ስለዚህ ያማረ ወሬ ስታነቡ ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ግጥምጥሞሹን ምን አመጣው? ያች ቀዝቃዛ ቃል ስንት ሰው አስከፈለች? በኑሯችሁም ሲጨንቃችሁ አጠገባችሁ ላለው ጥሩንባ ንፉ። ሊረዳችሁ የሚችል ሰው ሲጠይቃችሁ ግን ስንት ጥይት እንደቀራችሁ ቁጥሩን ንገሩት።