ያላበላሸነውን ስለ ማቅናት

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ታይዋንን ያውቃል። ስሟ ሩቅ ምሥራቅን የምታስታውሰው ይህች የገበያ ሰፈር ሬዲዮው፣ ስልኩና ቬንትሌተሩ የሚሸጥባት፣ የተበላሸውም የሚጠገንባት ናት። የቁምስናችን ድምፅ ማጉያ በታመመ ቁጥር እኛም ወደዚያው እንወርዳለን። በአንድ እንዲህ ባለ ቀን፣ ከምእመናኖቻችን አንዱ በሆነ ወጣት ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ባሕር አገኘን።

ባሕር ማለታችን ማጋነን አይደለም። 200 ሊትር ያህል የሚይዝ የብርጭቆ ገንዳ ነው፤ ውኃው የባሕር ውኃ፣ ድንጋዩ የባሕር ድንጋይ፣ በውስጡም ዓሦችና ኮራል የሚባሉት ፍጥረታት ነበሩበት። ባለቤቱ የነበረው ነጋዴ ከጅቡቲ ሲመለስ በቤቱ ያቋቋመው ሲሆን፣ ኋላ ከተማ ሲለውጥ ለዕዳው ማካካሻ አድርጎ ለጠጋኙ ትቶለት ሄደ። ወጣቱ ሲረከበው ውኃው የሻይ ቀለም ይዞ፣ ድንጋዩ በአልጌ ተሸፍኖ፣ ፓምፑ በጨው ግግር ታፍኖ ነበር። እንዲያም ሆኖ አምስት ዓሦችና ጥቂት የኮራል ቁራጮች በሕይወት ነበሩ።

ወጣቱ የተበላሸ ነገር ሲያይ ዝም የማይል ሰው ነው። በዚያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሬዲዮ እንደሚፈታ ሁሉ ገንዳውን ፈታው። ውኃውን ደፋ፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ በቧንቧ ውኃ ፈተገ፤ አሸዋውን አጠበ፤ ከጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ባመጡለት አዲስ የባሕር ውኃም ሞላው። ማታ ላይ ገንዳው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአምስቱ ዓሦች ሦስቱ ሞቱ።

«አባ፣ በቆሻሻው ኖረው በንጽሕናው ሞቱብኝ» አለን።

ነገሩ እኛንም ስላስጨነቀን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እንንገራችሁ። ከዓሣ ዐይነ ምድርና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ባክቴርያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። ያ ቆሻሻ የሚመስለው ድንጋይ እንግዲህ የገንዳው ጉበት ነበር ማለት ይቻላል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃና ብሩሽ ባክቴርያዎቹን ፈጃቸው፤ መርዙን የሚያረክስ ጠፋ። እነርሱ ደግሞ እንደገና በቅተው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የተጎሳቆለ ገንዳ የሚድነው በአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ ከውኃው ዐሥር እጅ አንዱን ብቻ በመለወጥ ነው። ለዚህ ገንዳ ይህ ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

ገንዳው ቀድሞውኑ እንዴት ለዚህ በቃ? ይህን ስንመረምር በዳይ አጣን። ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መንገደኛ ነበር። በሌለበት ገንዳውን ይጠብቅ የነበረው ልጅም ሰነፍ አልነበረም፤ ውኃው በጎደለ ቁጥር በታማኝነት ይሞላ ነበር። ችግሩ የሚሞላው በባሕር ውኃ መሆኑ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት እንዲህ ካለ ገንዳ በየቀኑ ብዙ ውኃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። የጎደለው ንጹሕ ውኃ ሆኖ ሳለ በጨዋማ ውኃ ሲተካ፣ በሊትር 35 ግራም ያህል መሆን የሚገባው ጨው ከቀን ወደ ቀን ይከብዳል። ልጁ የጎደለውን ያየ መሰለው እንጂ ምን እንደ ጎደለ አላየም። ሀገራችን ለዚህ ታላቅ ምስክር አላት። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳናክል ቆላ ጠርዝ ላይ ዛሬም ድረስ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ኮራል ይገኛል። ከ100 ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይዘልቅ ነበር፤ መግቢያው ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨውም ቀረ። አባቶቻችን አሞሌ እያሉ የተገበያዩበት ጨው የሞተ ባሕር ቅሬታ ነው። ያን ባሕር ግን የሚጠብቀው ሰው አልነበረምና በእርሱ የሚጠየቅ የለም።

የሚጠየቅ ያለበት ውኃ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሁሉ የሐረማያን ሐይቅ ያስታውሳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ሐይቁ ደርቆ የከብት ማሰማሪያ ሆነ። ማን አደረቀው? አንዱ ለጫቱ፣ ሌላው ለድንቹ በፓምፕ ሳበ፤ ሐረርም ለመጠጥ ከርሱ ቀዳች፤ ከተራቆተው ተረተር የታጠበው አፈር ደግሞ ከታች ሞላው። እያንዳንዱ የቀዳው ለእንጀራው ነበር፤ ሐይቅ ለማድረቅ አስቦ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ከዐሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ውኃው ተመለሰ፤ ዝናሙ ረድቷል፣ ነገር ግን በዙሪያው እርከን የሠሩና ችግኝ የተከሉ እጆችም ነበሩ። ከነዚህ መካከል ሐይቁ ሲደርቅ ገና ሕፃናት የነበሩ አሉ። ከጥፋቱ አልተካፈሉም፤ ከድካሙ ግን ተካፈሉ።

ወደ ጥያቄያችን የሚያደርሰንም ይኸው ነው። ወጣቱ ሦስቱን ዓሦች ከቀበረ በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም። የተቀበልሁትም ስለ ብርጭቆው ነው። የቀሩትን የማዳን ግዴታ አለብኝን?» በዚያ ሰዓት ሬዲዮናቸውን ሊያሠሩ መጥተው የነበሩ አንዲት እናት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከእርሱ የባሰውን ጥያቄ አነሡ። «ሰው ጀሪካን ደርድሮ ውኃ በሚጠብቅበት ከተማ ለዓሣ ውኃ ማጣራት ነውር አይደለም ወይ?»

የእኒህን እናት ቃል አቃልለን ልናልፈው አንደፍርም። የውኃ ወረፋን የሚያውቁት በጀርባቸው ነው። ማንም ምእመን ተነሥቶ እንዲህ ያለ ገንዳ በቤቱ ያቋቁም ዘንድ እኛም አንመክርም፤ ይልቁንም ባይጀመር በተሻለ ነበር እንላለን። ኮራል በባሕሩ ሳለ እንኳ መከራው በዝቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017፣ ደግሞም ከ2023 ጀምሮ በብዙ ባሕሮች ከሙቀት የተነሣ ነጥቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ይህን ጉዳይ ማንሣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን «ባይጀመር ይሻል ነበር» የሚለው ፍርድ የተጀመረውን ለመተው ፈቃድ አይሰጥም። ዓሣ በባሕሩ ሳለ ከእኛ የሚፈልገው ነገር ቢኖር እንዳንነካው ብቻ ነው። ሰው ይዞ በብርጭቆ ውስጥ ሲዘጋው ግን ማዕበሉን፣ ነፋሱን፣ የጥልቁን ቅዝቃዜ ሁሉ ነሥቶታልና፣ ለእርሱ ማዕበልና ነፋስ የመሆን ዕዳ በዘጊው ላይ ይወድቃል። ገንዳው እጅ ሲለውጥ ዕዳውም አብሮ ይተላለፋል፤ ቤት የሚገዛ ሰው ያዘመመውን ግድግዳ ትቶ ጣሪያውን ብቻ ሊገዛ አይችልምና። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተሾመው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር፤ እርሱም የተከላት አልነበረም። «ወደ ባሕር ልመልሳቸውን?» ላለው ወጣትም አይሆንም አልነው። ከባዕድ ባሕር የመጣ ዓሣና በሽታው ምን እንደሚያደርስ በአሜሪካ ታይቷል። የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ተወላጅ የሆነው ባለመርዝ እሾህ «አንበሳ ዓሣ» ከሰዎች ገንዳ ወጥቶ ሳይሆን እንደማይቀር የሚታመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ጠረፍ ከታየ ወዲህ የካሪቢያንን ባሕር ወርሮ የአገሩን ዓሦች እየበላ ይገኛል።

የእናታችን ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም፤ በሳምንት አንድ ጀሪካን ማለት አንድ ጀሪካን ነው። እኛ ያልነው ይህን ነው፦ ወጣቱ ለዓሦቹ የሚያወጣውን ያህል ለጎረቤቱ ያላወጣ እንደሆነ ነውሩ በዓሦቹ ሳይሆን በእርሱ ላይ ነው። እርሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መስማማታቸው ይሁን መታዘባቸው ግን አልለየንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን እናንሣ። በመጋላ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ምእመን አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ከቁምስናው ማንም ሳይጠይቃቸው ቆየ። «አንሂድ» ብሎ የወሰነ የለም፤ በየሳምንቱ ሌላ ጉዳይ ነበረ፣ ያ ብቻ ነው። በንስሐ ጊዜ የሠራነውን እንጂ ያልሠራነውን እምብዛም አንቆጥርምና ለኅሊናችንም አልታወቀን። በኋላ ትዝ ሲለን ደነገጥንና በአንድ ቅዳሜ መዘምራኑን፣ መምህራኑን፣ ዱቄቱንና ዘይቱን በመኪና ጭነን ሄድን። ቤታቸውን አጠብን፤ የቆሻሻ ክምር የመሰለንን ጋዜጣና ጨርቅ አውጥተን ጣልን፤ ዘመርን፤ ተመለስን። በሳምንቱ አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት ልታያቸው ብትሄድ በሩን አልከፈቱም። ከጣልነው ጨርቅ መካከል የሟች ባለቤታቸው ነጠላ ነበረበት። የወጣቱ ገንዳ ወሬ በጆሯችን ሲገባ ያሰብነው እኒህን ሽማግሌ ነው። አሁን ያቺው መምህርት በየሐሙሱ ለብቻዋ ትሄዳለች፤ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች፤ ምንም አታነሣም፣ ምንም አትጠርግም። በሩ የተከፈተላት በአምስተኛው ሐሙስ ነው።

ወጣቱም እንዲሁ ትዕግሥት ተምሯል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በብርጭቆው ላይ ባሠመረው ምልክት ልክ በማጣሪያ ያለፈ ውኃ ይጨምራል፤ የባሕር ውኃ አይጨምርም። ሁለት አሮጌ ቬንትሌተሮች ጠግኖ የውኃው ሙቀት ከ26 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ ላዩን ያናፍስበታል። ካሉት ኮራሎች አብዛኞቹ አልዳኑም። አንደኛው ግን ወተት መስሎ ነጥቶ ሳለ፣ ሊጥለው ሲል፣ የነጣ ሁሉ የሞተ እንዳይደለ አነበበ። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚያድሩና ምግብ የሚሰጡት ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ ሲጨነቅ ያስወጣቸዋል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፤ ጊዜ ካገኘ ግን ሊመለሱለት ይችላሉ። ቁራጩን በቦታው ተወው።

ባለፈው ወር መብራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ጠፍቶ ነበር። ፓምፑ ከቆመ የውኃው አየር ያልቃልና፣ ወጣቱ በሻማ ብርሃን ገንዳው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በኩባያ ውኃ እየቀዳ ከከፍታ ሲያፈስስ አደረ። ጠዋት ስናልፍ ዓይኑ ቀልቶ አገኘነው። ሁለቱ ዓሦች ይዋኙ ነበር። በነጣው ኮራል አንድ ጠርዝ ላይ የጥፍር ስፋት የምታህል ቡናማ ቀለም አሳየን፤ እኛ መነጽራችንን ይዘን አልነበረምና ያየን ይመስለናል።