ዐውሎ ነፋስን ከሩቅ ስለ መመልከት

ሰው ራሱን የማይነካውን ጥፋት ከሩቅ ሆኖ ሲመለከት ደስ ቢለው በደል ይሆንበታልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሉክሬቲዮስ የተባለው የሮማ ባለቅኔ፥ የሌላውን ሰው የባሕር ላይ ጭንቅ ከየብስ ሆኖ ስለሚያይ ሰው ጽፎ፥ ደስታው የራስን ደኅንነት ከማወቅ የሚመጣ ነው የሚል አሳብ ትቶልናል። እኔ ግን ይህን መልስ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ስለምን ቢባል የራሴን ልብ ብመረምር ሌላ ነገር አገኘሁበት።

በዓለም ላይ ዐውሎ ነፋስ ሲወለድና ሲያድግ መከታተልን እንደ ጨዋታ የያዙ አያሌ ሰዎች አሉ። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ የሚያዛቸውም የለም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበታተነው ደመና መዞር ይጀምር እንደሆነ፥ ከሳተላይት የሚመጣውን ሥዕል እየተመለከቱ ሌሊቱን ይጠባበቃሉ። የባሕሩ ሙቀት 26 ዲግሪ ተኩል ያህል መድረሱን፥ ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ ደመናውን ገፍቶ የማያፈርሰው መሆኑን፥ ከሰሐራ የሚነሣው ደረቅ አየር ያልገባበት መሆኑን ይመረምራሉ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማዕበሉ ስም ይወጣለታል፤ 119 ሲደርስ ሀሪኬን ይባላል። ስም የወጣለት ቀን ለእነዚህ ሰዎች እንደ ክርስትና ቀን ያለ ነው።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። የባሕር ጠረፍ በሌላት አገር የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በአትላንቲክ ላይ ከሚነሡት ብርቱ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከአፍሪካ ምድር ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። ሊቃውንት በ2000 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተነሣውን አልቤርቶ የተባለውን ሀሪኬን ወደ ኋላ እየተከተሉ ቢመረምሩት፥ መነሻውን ከኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተነሣ የነጐድጓድ ደመና አድርሰውታል። ደመናው ራሱ በመንገድ ይጠፋል፤ የአየሩ መናወጥ ግን ሱዳንንና ሳህልን አቋርጦ ከውቅያኖሱ ይደርሳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በክረምት ከቀትር በኋላ በእንጦጦ ላይ የሚከመረውን ደመና እንደ ቀድሞው ዝም ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በኦገስት 2019 የተከታተልኩት ማዕበል ዶሪያን ይባል ነበር። በመጀመሪያ ትንሽና ደካማ ስለ ነበረ፥ ደረቅ አየርም ስላስቸገረው፥ ይበተን ይሆናል የሚል ግምት ነበረ። እኔም ማታ ማታ ሥዕሉን እያየሁ «አይዞህ፥ በርታ» እለው ነበር። በረታም። መካከሉ ላይ ዓይኑ ጥርት ብሎ ሲከፈት በማየቴ የዘመድ ልጅ ፈተና ያለፈ ያህል ደስ አለኝ። እሑድ ሴፕቴምበር 1 ቀን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ነፋስ በባሃማስ አገር አባኮ ከተባለው ደሴት ላይ ወደቀ፤ ከዚያም በግራንድ ባሃማ ደሴት ላይ ከአንድ ቀን በላይ ከቦታው የማይነቃነቅ ያህል ሆኖ ቆየ። በማርሽ ሃርበር ከተማ ከሄይቲ የተሰደዱ ድኾች የሠሩት የእንጨት ቤት ሰፈር ተጠራርጎ ጠፋ። ከ70 በላይ ሰዎች መሞታቸው ሲታወቅ፥ የደረሱበት ያልታወቁት ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ ሳረቅቅ ብውልም፥ አሳቤ ከአንድ ጥያቄ ጋር ሲታገል ዋለ። «በርታ» ያልኩት ማንን ነበር? ምኞቴ ነፋሱን በአንድ ክንድ እንኳ እንዳላነቃነቀው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዳኛ ፊት የሚያስቀርበኝ ነገር የለም። ዳሩ ግን ሰው የሚመዘነው ባደረገው ብቻ ሳይሆን በወደደውም ጭምር ነው ካልን፥ ነፃ ነኝ ማለት ያሳፍራል።

ደስታዬ ከደኅንነቴ የመጣ አልነበረም። ሰው በሌለበት ባሕር መካከል ተወልዶ እዚያው የሚጠፋውን ማዕበልም በዚያው ደስታ አየዋለሁ። በልጅነቴ በክረምት ወንዝ ሲሞላ የመንደራችን ሰው ሁሉ ከዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። አንድ ጊዜ ጐርፉ የጎረቤታችንን በሬ ይዞ ሲያልፍ ሁሉም ጮኸ፤ ነገር ግን ወደ ቤቱ የተመለሰ አንድም አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በማግሥቱ ለባለበሬው ገንዘብ አዋጥተዋል። ኃይል ሲገለጥ ለማየት መጓጓት ከሰው ጋር የተፈጠረ ረኀብ ነው፤ በደሉም ከረኀቡ የሚጀምር አይመስለኝም። የሚጀምረው የሥዕሉ ማማር ከሥዕሉ በታች ያለውን ሰው ሲሸፍነው ነው። የዐውሎ ነፋስ ነገር ደግሞ ለዚህ እጅግ ያመቻል፤ ሥዕሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ነፋሱ ከሁሉ ይልቅ በሚበረታበት ሰዓት ነውና። ወንዙ ዳር ባለበሬው አጠገባችን ቆሞ ነበር። በሳተላይት ሥዕል ላይ ግን ሰው አይታይም።

ከተመልካቾቹም መካከል፥ ገና አሥር ቀን የቀረውን ማዕበል ኮምፒዩተሮች ከሰጡት ግምት ሁሉ የከፋውን መርጠው የሚያሰራጩ አሉ። ይህን ያለ ማመንታት እነቅፋለሁ፤ በከንቱ የተደናገጠ ሕዝብ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ለመስማት ይታክታል። በሌላው በኩል በ1965 የሬዲዮ አፍቃሪዎች የሆኑ ሰዎች ሀሪኬንን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁመው፥ ማዕበሉ ካለበት ስፍራ የሚላከውን ወሬ እየተቀበሉ ማያሚ ለሚገኘው የሀሪኬን ማዕከል ያስተላልፋሉ። እነዚህም ቢሆኑ ማዕበል መከታተልን የሚወዱ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለው ነገር ለአፍቃሪ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤት ቢተው ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ሰው እንደ መሆኔ ልስማማ በወደድኩ ነበር። ነገር ግን በ1900 በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። የዋሽንግተን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የኩባ ታዛቢዎች ሕዝብ በከንቱ ያስደነግጣሉ ብሎ ንቋቸው ስለ ነበር፥ የአየር ጠባይ ቴሌግራማቸው እንዳይተላለፍ አስቀድሞ አሳግዶ ነበር። በሀቫና የሚገኘው የቤሌን ታዛቢ ቤት ግን ዐውሎ ነፋስን በማጥናት ከ30 ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነበር። የኩባዎቹ ማዕበሉ ወደ ቴክሳስ አቅጣጫ ያመራል ብለው ሲገምቱ፥ ዋሽንግተን ወደ ሰሜን ታጥፎ በአትላንቲክ ዳርቻ ያልፋል አለ። በኋላ ማስጠንቀቂያ ቢወጣም ቅሉ ዘግይቶ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን የጋልቬስተን ከተማ በባሕር ተጥለቀለቀች፤ ከ6000 የማያንስ ሕዝብም አለቀ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማዕበሉ እንዲበረታ የተመኘ ሰው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። በዚህ በኩል ልባቸው ከእኔ ልብ ንጹሕ ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው አንድ ማዕበል ወዳድ፥ ሌላው ቢቀር ለወሬው ሲል ብቻ የሀቫናን ቴሌግራም ለማንበብ የሚጓጓ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ፥ ቢያንስ ጥያቄ ያነሣ ነበር። ንጹሕ ልብና የተዘጋ ጆሮ በአንድ ወንበር ላይ አብረው ሊቀመጡ እንደሚችሉ ከቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን የምለው ራሴን ለማስመለጥ አይደለም። ለአባኮ ሰዎች ያስተላለፍኩት ወሬ፥ የሰጠሁትም አገልግሎት የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። ስም የወጣለትን ማዕበል ሥዕል ከመክፈቴ በፊት ካርታ ዘርግቼ፥ በመንገዱ ላይ ያሉትን የደሴቶችና የከተሞች ስም አንድ በአንድ አነባለሁ። ስሞቹን ካነበብኩ በኋላ ሥዕሉ እንደ ቀድሞው አያምርም ለማለት ብችል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ያምራል።