ስለ መግቦተ እግዚአብሔር

እግዚአብሔር ዓለሙን ሁሉ በመግቦቱ እንደሚጠብቅ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ያምናል። ነገር ግን ይህ እምነት በዳዩን ከበደሉ ነፃ ያወጣዋልን? የተበደለውንስ ዝም በል ይለዋልን?

ይህን እንድመረምር ያደረገችኝ አንዲት እመበለት ናት። ባሏ በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ መሬቷን ቀሟት። ምክር ፈልጋ ወደ እኔ ብትመጣ፥ «ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና ታገሺ» አልኋት። እርሷም ቀና ብላ፥ «የኔታ፥ የቀሙኝም በእርሱ ፈቃድ ነውን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ አፈርሁም።

ከዚህ በኋላ የዮሴፍን ታሪክ መላልሼ ተመለከትሁ። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጠ፤ ሳይበድል ታሰረ፤ በፈርዖን ፊት የቆመውም በ30 ዓመቱ ነው። ወንድሞቹ በክፋት ያሰቡትን እግዚአብሔር ለብዙዎች መዳኛ እንዳደረገው የመሰከረ እርሱ ራሱ ነው። ይህን ነገር ማን እንደ ተናገረው ልብ ማለት ይገባል። ወንድሞቹ ተናግረውት ቢሆን የኃጢአታቸው መሸፈኛ በሆነ ነበር፤ የተበደለው ስለ ተናገረው ግን ይቅርታ ሆነ። ዮሴፍም ክፋታቸውን ክፋት ከማለት አልተመለሰም። እግዚአብሔር ክፉውን ወደ በጎ መለሰው እንጂ ክፉ አድርጉ ብሎ አላዘዛቸውም፤ በደሉ የወንድሞቹ፥ ፍጻሜው የእግዚአብሔር ነው።

ዳግመኛም በመግቦት ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ዮሴፍ በግዞት ቤት ሳለ የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ በፈርዖን ፊት እንዲያስበው ለመነው፤ ያም ቢረሳው ሁለት ዓመት ታገሠ። ረኃብ እንደሚመጣ ባወቀ ጊዜም ከምድሪቱ እህል አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ። በእግዚአብሔር ታምኛለሁና ብሎ ጎተራውን ባዶ አልተወም። ወንድሞቹንም ባየ ጊዜ ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ፤ እንግዲህ ያለቀሰ ሁሉ እምነት ጎደለው ማለት አይገባም።

ስለዚህ፥ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ ለተበደለ ሰው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ለማለት አንቸኩል። ያ ቃል ከዮሴፍ አፍ እስኪወጣ ድረስ 22 ዓመት ያህል አልፏል፤ እኛ በአንድ ቀን ከሌላው ልንሻው አይገባም። የእኛ ፈንታ ከሚያለቅሰው ጋራ ማልቀስ፥ ከተበደለውም ጋራ ወደ ዳኛ መሄድ ነው።

እኔም ያችን እመበለት ይቅርታ ለምኜ ወደ ዳኛ አብሬአት ሄድሁ። ፍርዱ ገና አልተፈጸመም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ብቻዋን አትቆምም። ፍጻሜውን እርሱ ባለቤቱ ያሳምርላት።