ለተወለደው ጌታ ጠጋ እንበልለት
የልደት በዓል ስብከት (ሉቃ. 2፥1-20)



በአገራችን እንግዳ ወደ ሰው ቤት፥ ይልቁንም ወደ አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይቀበሉታል። እንቦሳ ገና የተወለደ ጥጃ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበትን ቤት ያውቁ ነበርና፥ አዲስ ለተወለደ ሕይወት ስፍራ የማይነፍገው ቤት የተባረከ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን አሮጌ ሰላምታ በባዕድ አገር ያስታወሰኝን አንድ የልደት ሌሊት ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በትምህርት ላይ ሳለሁ፥ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ የልደትን በዓል በተራራ ላይ በምትገኝ ትንሽ ቤት አብሬአቸው እንዳሳልፍ ጋበዘኝ። እናትየዋ በኢጣልያ እንደሚኖሩ ብዙ እኅቶቻችን አንዲት አረጋዊት ሴት በመጦር የምትተዳደር ናት። አዳርዋም እዚያው አረጋዊቷ ቤት ስለ ሆነ፥ ስድስት ዓመት ሙሉ በልደት ሌሊት ከባልዋና ከሦስቱ ልጆችዋ ጋር በአንድ ማዕድ ቀርባ አታውቅም ነበር። በዚያ ዓመት የአረጋዊቷ ልጆች ለበዓሉ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ተነሡ፤ እናታቸውን የሚጠብቅ ሌላ ሰውም አልተገኘም። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ አንድ መላ ተገኘ። አረጋዊቷ የተወለዱባት የድንጋይ ቤት ከሮማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በሪየቲ አውራጃ ተራሮች ላይ ባዶዋን ቆማ ነበርና፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ወደዚያ እንዲወጣ ተስማሙ።

ቤቲቱ ከታች በቀድሞ ዘመን የበጎችና የአህያ ጋጥ የነበረ፥ ከላይ ደግሞ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት ነበረች። እሳት የሚነድደው በአንደኛው ክፍል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት አረጋዊቷ በወዲያኛው ክፍል በብርድ ሲንቀጠቀጡ ስላገኘናቸው አልጋቸውን ወደ ምድጃው አመጣነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተባለ፤ ሁሉም ፍራሹን ሳበ። ከእሳቱ አጠገብ ስፍራ ይዛ የነበረችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ወደ በሩ ስትገፋ ልብዋ ሞላና እንዲህ አለች፤ «እዚህም ድረስ ሥራ ተከተለን። ዓመቱን ሙሉ እማዬን የሚወስዱብን እሳቸው ናቸው። አንድ ሌሊት እንኳ ለእኛ አትሆንም?» አባትዋ ሊቈጣት ሲል እናትየዋ በዓይንዋ ከለከለችው። እኔም የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ልጅቱ የተናገረችው እውነት ነበርና።

በልደት ዋዜማ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሌሊት ቅዳሴ ነበረ። መንገዱ በበረዶ የሚያዳልጥ፥ በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ስለ ሆነ አረጋዊቷን ይዞ መውጣት አልተቻለም፤ አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። ማን እንደሚቀር የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም እናትየዋ እንደምትቀር አውቀን ጫማችንን እናስር ነበር። እርስዋም ለዚያ ሌሊት ብላ ከሮማ ያመጣችውን ነጠላ አጣጥፋ ወደ ሻንጣዋ ስትመልስ ልጅቱ አየቻት።

«እማዬ፥ አንቺ ሂጂ፤ እኔ እቀመጣለሁ» አለች።

«አይሆንም ልጄ፤ ቅዳሴው ይቀርብሻል።»

«ለአንቺ ስድስት ዓመት ቀርቶብሻል።»

ከቅዳሴ ስንመለስ እሳቱ ሊጠፋ ደርሶ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። አረጋዊቷ የልጅቱን እጅ እንደ ያዙ እንቅልፍ ወስዶአቸዋል፤ ልጅቱም ቁጭ እንዳለች ነቅታ ትጠብቃለች። አባትዋ እንጨት ለምን እንዳልጨመረች ሲጠይቃት፥ «ብነሣ ይነቁብኛል ብዬ ነው» አለችው። እናትየዋ አንድ ቃል ሳትናገር ነጠላዋን አውልቃ በልጅዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። እኔ በዚያ ሌሊት ከመንደሩ ካህን ጋር በመንበሩ ፊት ቆሜ ነበር። የዚያን ሌሊት የልደት ስብከት ግን የሰማሁት በዚያች በቀዘቀዘች ክፍል ውስጥ ነው።

የልጅቱ ቍጣ በአንድ ሌሊት ጠፋ አልላችሁም። በማግሥቱም ስለ እናትዋ የሥራ ሰዓት ከአባትዋ ጋር ስትከራከር ሰምቻታለሁ፤ ክርክርዋም ተገቢ ነበር። ፍቅር የተበደለውን ሰው ዝም አያሰኝም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ያች ልጅ ሁለት ሰዎችን አየች፤ የደከመች እናትዋንና ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸውን አረጋዊት። ለሁለቱም ከራስዋ ስፍራ ከፍላ ሰጠች።

ከዚያ ተራራ ብዙ ሳይርቅ በገደል አፋፍ ላይ የግሬቾ ገዳም አለ፤ ከበዓሉ በኋላ አብረን ወጥተን ተሳለምነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 እ.ኤ.አ.፥ ከማረፉ ከሦስት ዓመት በፊት፥ የልደትን ሌሊት ያከበረው በዚህ ስፍራ ነው። ስለዚህ እኛ በወጣንበት ዓመት 800ኛው ዓመት ይታሰብ ነበር። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ቶማስ ዘቸላኖ እንደሚተርክልን፥ ቅዱሱ የቤተ ልሔሙን ሕፃን ችግር በዓይነ ሥጋ ማየት ስለ ፈለገ፥ ከበዓሉ 15 ቀን ያህል አስቀድሞ ዮሐንስ የሚባል አንድ የአካባቢውን ሰው ግርግም፥ ድርቆሽ፥ በሬና አህያ እንዲያዘጋጅ ለመነው። በሌሊቱም የአካባቢው ወንዶችና ሴቶች ችቦና ሻማ ይዘው ወደ ተራራው ወጡ፤ በግርግሙ ላይ መሥዋዕተ ቅዳሴ ዐረገ፤ ዲያቆን የነበረው ፍራንቸስኮስም ወንጌሉን በዜማ አነበበ። የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ዮሴፍ ምስል በዚያ አልነበረም። ጌታ የመጣው እንደ ዛሬው ሁሉ በቅዱስ ቁርባን ነበር፤ ስፍራ የሚሰጡትም በዙሪያው የቆሙት የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ስለ ግርግም ትርጉም የጻፉትን ሐዋርያዊ መልእክት የፈረሙት በዚያው በግሬቾ፥ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ 2019 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ቅዱስ ሉቃስ ለቅዱስ ቤተ ሰብ ስፍራ ያልተገኘበትን ማደሪያ የሚጠራበት የግሪክ ቃል፥ ጌታ የመጨረሻውን እራት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ለበላበት የእንግዳ ክፍልም የተጠቀመበት ቃል ነው (ሉቃ. 22፥11)። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲጽፍ ግን ለመንገደኞች ማረፊያ ሌላ ቃል ይጠቀማል (ሉቃ. 10፥34)። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት፥ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ የተጠለሉት የእንግዳ ክፍሉ በሞላበት የአንድ ቤተ ሰብ ቤት፥ ከብቶች በሚያድሩበት ወገን ሊሆን እንደሚችል ያስተምራሉ። እንዲህ ከሆነ የልደት ቤት የደጋ አያቶቻችንን ቤት ይመስላል። ክፍሉ ሞልቶአል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጠጋ ብሎአል፤ ጥጃ የሚታሰርበት ስፍራም ለዓለም መድኃኒት ዙፋን ሆኖአል።

ደግሞም እመቤታችን ወደ ቤተ ልሔም ሳትሄድ አስቀድሞ ወደ ይሁዳ ተራራማ አገር ፈጥና እንደ ወጣች አስቡ (ሉቃ. 1፥39)። የወጣችው ለዕረፍት አልነበረም። በእርጅናዋ ለፀነሰችው ዘመድዋ ለኤልሳቤጥ ደረሰችላት፤ ሦስት ወር ያህልም ተቀመጠች። በዚያ በተራራ ቤት ወጣቲቱና አሮጊቲቱ እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ፤ ከእናቱ ማኅፀን ያለው ሕፃንም በደስታ ዘለለ።

ወዳጆቼ፥ በዓልና ዕረፍት መልካም ነገሮች ናቸው። ቤተ ሰብ ከሥራና ከከተማ ጫጫታ ርቆ አንድ እሳት ዙሪያ ቢቀመጥ እግዚአብሔር ደስ ይለዋል። ሆኖም በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፥ ዕረፍት ያገኘ ክርስቲያን በድህነት ምክንያት ማረፍ ያልቻሉትን ወንድሞቹንና እኅቶቹን እንዲያስብ (ቁ. 2186)፥ ሌሎችንም ያለ አስፈላጊ ምክንያት የጌታን ቀን እንዳያከብሩ ከማድረግ እንዲጠበቅ ያስተምረናል (ቁ. 2187)። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለወጣቶች ግልጽ አድርጉላቸው፦ በሽተኛን ወይም አረጋዊን ለመጠበቅ ከቅዳሴ የቀረ ሰው ከጌታ አልራቀም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚቀረው አንዱ ብቻ ከሆነ፥ ሌሎቻችን ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

ስለዚህ በዚህ ልደት እያንዳንዳችን በቤታችን እንጠይቅ። ዶሮውን የሠራችው፥ እንጀራውን የጋገረችው የቤት ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው መቼ ነው? በር የሚጠብቀው ዘበኛ በዚያ ሌሊት ማን ይተካዋል? በጓዳ አልጋ ላይ ያሉት አያት ከማዕዱ ጋር ተቈጥረዋልን? ልጅዋ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደችባት ጎረቤታችን በዓሉን ከማን ጋር ትውላለች? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃል ብቻ መመለስ አይበቃም። አንድ ሰው ነጠላውን ለሌላው ሰጥቶ፥ «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እቀመጣለሁ» ማለት አለበት። ይህንም ለማለት ትልቅ ሀብትም ትልቅ ቤትም አያስፈልግም፤ በዚያች በተራራ ላይ ባለች ጠባብ ቤት የተገኘው ስፍራ ፍራሽ በመሳብ የተገኘ ነው።

ጌታ ዛሬም ወደ ደጃችን መጥቶ «ቤት ለእንቦሳ» ይለናል። ቤታችን ሞልቶአል ብለን አንመልሰው። ጠጋ እንበልለት፤ በእርሱም ስም ለሚመጣው፥ ለደከመውና ለተረሳው ጠጋ እንበል። በግርግም የተኛው ሕፃን ቤታችሁን ይባርክ፤ በርቀት ያሉትን ይጠብቅ፤ የተቈጡትን ያስታርቅ፤ አረጋውያንን በእጁ ይያዝ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ። አሜን።